እብጠትን በክር የለካንበት ዘመን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክሊኒኩ ልጆች ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው፣ «ሲስተር እታገኝ፣ ለመሆኑ ስንት ሺህ ጥርስ ነቅለው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ኧረ በስመአብ! አንድም ጥርስ ነቅዬ አላውቅም። ጥርስ የሚነቅለው ሐኪሙ ነው። የኔ ሥራ የሚጀምረው ጥርሱ የብረት ሳህኑ ላይ ኳ ብሎ ከወደቀ በኋላ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ እጁን ሲታጠብ፣ በሽተኛው በደነዘዘ ከንፈሩ «አለቀ?» ይላል። እኔ በሆዴ «ኧረ ገና መጀመሩ ነው» እላለሁ።

ድዱ ተሰንጥቆ፣ አጥንቱ በመሰርሰሪያ ተነክቶ የወጣ የመጨረሻ መንጋጋ እንዲሁ አይለቅም፤ ሰውየውን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ሕመሙ ይከተለዋል፣ ደሙ ይከተለዋል፣ እብጠቱ ይከተለዋል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ የጎረቤት ምክር ነው።

እኔ ከልጅነቴ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ እኮ ሬሳ እንኳ ብታገኝ ለምን ሞትክ ብላ ትጠይቃለች» ትለኝ ነበር። ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ገጠር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ስለ ደሞዙና ስለ ወረቀቱ ምን አወራለሁ፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ የነበሩት አለቃዬ ጥርስ ይነቅሉና «የኛ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረው የእግዜር ነው» ይላሉ። በሽተኛው በማግስቱ ፊቱ እንደ ዱባ ሆኖ ሲመለስ «ምን በልተህ ነው?» ብለው ይጮኹበታል። እሳቸው የሚጠይቁት ለመቆጣት ነው። እኔ ግን ምን እንደበላ የምር ማወቅ እፈልግ ነበር።

ስለዚህ ቀስ ብዬ ውጭ አግዳሚው ላይ አብሬው እቀመጥና አውጣጣዋለሁ። ጉድ ነው የሚወጣው! አንዱ ደም መዋጥ አስጠልቶት ሲተፋ አድሯል። በተፋ ቁጥር ጉድጓዱን የሸፈነው የረጋ ደም ተነቅሎ፣ አጥንቱ ባዶውን ቀርቷል። እሱን ሕመም እንኳን ሰው፣ በሬም አይችለውም። ሌላው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ቁስሉ ላይ ጠቅጥቋል። አንዷ «ብርድ እንዳይመታኝ» ብላ ፊቷን በጋቢ ጠቅልላ እሳት ዳር ውላለች፤ ሙቀቱ ደሙን እየሳበ ጉንጯን ነፍቶታል። አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባኝ። ከነዚህ ሰዎች አንዱም ሞኝ አይደለም። ሁሉም ያደረጉት የሚወዳቸው ሰው ያዘዛቸውን ነው።

በኋላ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። ጥቂት ዓመት ሆስፒታል ሠርቼ ፒያሳ ካለው የዶክተር ሉቃስ ክሊኒክ ገባሁ። ይኸው እስከ ጡረታዬ እዚያው ነበርኩ።

ስለ ዶክተር ሉቃስ ምን ልበላችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያውቁ የሚመስሉ ግን ሲቀልዱ የሚገድሉ ሰው ናቸው። «አይዞህ» የሚባል ቃል ካፋቸው አይወጣም። መጀመሪያ ልበ ደረቅ መስለውኝ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ አላስችል ብሎኝ «ዶክተር፣ ምናለ አንዴ አይዞሽ ቢሏት? ስትንቀጠቀጥ አያዩም?» አልኳቸው።

«አይዞሽ ካልኳት ጀግና ለመሆን ትሞክራለች» አሉኝ። «እኔ ጀግና አልፈልግም። ሲያማት አመመኝ የምትል ሰው ነው የምፈልገው።»

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። በሽተኛው ማደንዘዣው ሳይለቀው፣ ገና ምንም ሳያመው፣ እዚያው ወንበሩ ላይ የመጀመሪያውን የሕመም ማስታገሻ ያስውጡታል። «ሌባ ከገባ በኋላ በር መቆለፍ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሆዱን የሚያመው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ ባዶ ሆዱን የመጣውን ደግሞ ቀጠሮ ይለውጡለታል እንጂ አይነኩትም። ጾም ይዞ መድኃኒቱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊያቆይ ያሰበውን ከፊቱ ያነቡታል። «የነፍስ አባትህን ጠይቅና ተመለስ» ብለው ይሸኙታል። ጎዙን፣ ያንን ስስ የቁስል ጨርቅ፣ አጣጥፈው ያስነክሱትና «ይህን ንከስ፣ አትናገር፣ አትትፋ፣ ምራቅህን ዋጠው» ይሉታል። ከዚያ ወደኔ ዞረው «እንግዲህ ያንቺ ነው» ይሉኛል።

እኔም እቀጥላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ነገር በጉንጭ ላይ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ። ይህን ስል ሁሉም እንደ እብድ ያየኛል። «ሲስተር፣ ብርድ ይመታኛል እኮ!» «ብርዱ ለጉንጭህ ነው እንጂ ላንተ አይደለም፤ አንተ ጋቢህን ልበስ» እላለሁ። ፍሪጅ የሌለው ሱቅ ሄዶ በረዶ የሠራ የፕላስቲክ ውኃ ይግዛ፤ በጨርቅ ይጠቅልልና ጉንጩ ላይ ያድርግ። ሲተኛ በሁለት ትራስ። መጉመጥመጥ ከነገ በፊት የለም፤ ነገ ለብ ያለ የጨው ውኃ፣ ቀስ ብሎ። የሞቀ ጨርቅ ካስፈለገ እብጠቱ መውረድ ሲጀምር ነው።

እብጠት ጠባይ አለው። እኔ እንደ ሰው ነው የማጠናው። የመጀመሪያው ቀን ያፍራል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይደፍራል፣ ከዚያ ይደክመዋል። ሦስተኛው ቀን አልፎም ከፍ ከፍ የሚል ከሆነ ግን ይህ የቁስሉ እብጠት ሳይሆን መግል ነው፤ ወደ ክሊኒክ መሮጥ ነው። ችግሩ ሰው የገዛ ፊቱን አያውቀውም። መስታወት ያያል፣ «ትላንትም እንዲህ ነበር» ይላል።

ለዚህ ነው ዶክተር ሉቃስ ክሩን ያመጡት። ቁስል ከምንሰፋበት ጥቁር ክር ትራፊ ይወስዱና ከበሽተኛው ጆሮ ሥር ጀምረው፣ በጉንጩ አሳልፈው፣ አገጩ ጫፍ ላይ ይቋጥሩታል። ያ ገና ያላበጠው ጉንጩ ልክ ነው። ከዚያ ክሩ ላይ ትንሽ አለፍ ብለው ሁለተኛ ቋጠሮ ይጨምራሉ። «ጠዋት ጠዋት ለካ። አገጭህ ወደ ሁለተኛው ቋጠሮ ቢጠጋ አትደንግጥ። ሁለተኛውን ካለፈ ወይም ከሦስተኛው ቀን በኋላ ካልተመለሰ ና።» ማንበብ የማይችልም፣ አማርኛ የማይሰማም ይገባዋል። እኔማ በክሩ ፍቅር ወደቅሁ። በሽተኞቹ ሲመለሱ «እስቲ ክርህን፣ እስቲ ክርሽን» እያልኩ የማን እብጠት መቼ እንደ ወጣ፣ መቼ እንደ ወረደ ስሰማ ልቤ ይጠግባል።

አንድ ጊዜ እማማ ዘነበች የሚባሉ ባልቴት ስፌት ሊያስፈቱ መጡ። ክሩን ሲጠየቁ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጎን፣ አስረውታል!

«እማማ፣ ለመለኪያ ነው እኮ የሰጠንዎት» አልኩ ሳቄን እየያዝኩ።

«እሱስ ነግራችሁኛል ልጄ። ግን ይኸው አዳነኝ አይደል? አልፈታውም።»

ዶክተር ሉቃስ ግድግዳውን ዞረው ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። እኛ ስንስቅ አንድ ነገር አላሰብንም። ክሩን አንዱ ሰው እንደ በረከት ካየው፣ ሌላው እንደ እርግማን ሊያየው እንደሚችል አላሰብንም።

አስቴር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር፣ ጨዋ፣ ድምፅዋ ከራሷ አልፎ የማይሰማ ልጅ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ዶክተር ሉቃስ ደክመው አወጡት። ይዛት የመጣችው የሥራ ባልደረባዋ ነበረች፤ ምክሩን ለሁለቱም ነገርኳቸው፣ ክሩን ሰጠኋት፣ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባልደረባዋ ወደ ምሥራቅ፣ አስቴር ወደ ቡሹሎ፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩላት።

«ደህና ነኝ ሲስተር፣ ጌታ ይመስገን።»

«ክሩን ለካሽ?»

«አዎ» አለች።

«ስንት ላይ ነው?»

«ደህና ነው።»

ያ መልስ ቆረቆረኝ። ክር «ደህና» አይሆንም፤ ወይ አለፈ ወይ አላለፈ ነው። ለዶክተር ሉቃስ ነገርኳቸው። «በቀጠሮዋ ትመጣለች፣ ያኔ እናያለን» አሉ። በቀጠሮዋ ሳትመጣ ቀረች። ስልኳም ዝግ ነው። ዶክተር ሉቃስ የሌላ በሽተኛ ጥርስ እየሠሩ ነበርና ዓይናቸውን እንኳ ሳያነሱ «ሂጂ እያት፣ አሁን ሂጂ» አሉኝ። ጋውኔን ሳላወልቅ ባጃጅ ያዝኩ።

ቡሹሎ ያለው የአባቷ ቤት በበቆሎ የተከበበ ቆርቆሮ ቤት ነው። በር ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ውስጥ ሰው ሞልቶ ይጸልያል። አስቴር አልጋዋ ጠርዝ ላይ ወደ ፊት አዘንብላ ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ ጨርቅ ይዛለች፤ ምራቋ በከንፈሯ ዳር እየወረደ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። አገጯ ከአንገቷ ጋር አንድ ሆኗል። «አስቴርዬ» ስላት ልትመልስልኝ ሞከረች፤ ሊጥ የጎረሰ ሰው ድምፅ ነው የወጣት። ትንሽ ውኃ አቀመስኳት፤ ተመልሶ ወጣ። ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። መግሉ ከመንጋጋዋ ሥር ወርዶ የትንፋሿን መንገድ እየዘጋ ነው። ይህች ልጅ ሰው እየከበባት፣ ሁሉም እየወደዳት፣ ዓይናችን እያየ ልትታፈን ነው።

አባቷ አቶ ማቴዎስ ተነሥተው ተቀበሉኝ። ሽበታም፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው።

«እንኳን ደህና መጡ ሲስተር። ከትላንት ጀምሮ እየጸለይን ነው።»

«ክሩስ?» አልኩ። ለምን መጀመሪያ እሱን እንደጠየቅሁ ዛሬም አላውቅም።

ፊታቸው ጠቆረ። «አቃጠልኩት» አሉ። «ሲስተር፣ እኔ ጌታን ሳላገኝ በፊት፣ ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ጠንቋይ ቤት ይወስደኝ ነበር። የተቋጠረ ጥቁር ክር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እሱን ከትራሷ ሥር ሳገኝ ዝም ልል ነው? ቤቴ አይገባም አልኩ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው አንገቴ ላይ ወደቀ። እዚያም ጥቁር ክር አለ፤ የኔ ማተብ። ልከራከር አፌን ከፍቼ ተውኩት። ስለ ክር ስንከራከር ልጅቷ ልትሞት ነው። ደግሞ ሰውየው ያደረጉት ልጃቸውን ሊያድኑ ብለው ነው፤ ምን ብዬ ልሟገታቸው?

«አቶ ማቴዎስ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ጣታቸውን ወስጄ መጀመሪያ ደህናው ወገን፣ ከመንጋጋዋ ሥር አስነካኋቸው። «ይሄ እንዴት ነው?»

«ለስላሳ ነው።»

ወደ ሌላው ወሰድኩት። «ይሄስ?»

ነኩት። ደግመው ነኩት። «እንጨት!» አሉ። «እንጨት ሆኗል!»

«ይህ እንጨት ጉሮሮዋን እየዘጋ ነው። እኔም ሆንኩ እርስዎ እዚህ ቆመን የምናደርገው ነገር የለም።»

ለአፍታ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው «ተነሡ! ጸሎቱን መኪና ውስጥ እንጨርሰዋለን!» አሉ። አንዲት ሴት «ልጅቷ ደክማለች፣ ትጋደም» ብላ ትራስ ስታስተካክል «እንዳታስተኟት!» ብዬ ጮኽኩ። ብትጋደም ምላሷ ወደ ኋላ ወድቆ እዚያው ትዘጋ ነበር። በጎረቤት ፒክ አፕ፣ በእኔና በአባቷ መሃል ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ እየሰማን ሄድን። መንገዱ ላይ ስልኬን አውጥቼ ለዶክተር ሉቃስ ነገርኳቸው፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ቀድመውን ቆመው ነበር።

ሐኪሞቹ አንገቷን ከፍተው ትንፋሽ የምታገኝበት ቱቦ አስገቡ፤ ከመንጋጋዋ ሥር ቀደው መግሉን አወጡ። ስንጠብቅ አቶ ማቴዎስ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ወለሉን እያዩ ጠየቁኝ፦

«ሲስተር፣ ክሩ ቢኖር ኖሮ ቀድማ ትመጣ ነበር?»

ምን ልበላቸው? በአፌ ላይ የመጣልኝ ሁሉ ማጽናኛ ነበር። «የእግዜር ፈቃድ ነው» ልል ስል ዶክተር ሉቃስ ቀደሙኝ።

«አዎ» አሉ። «ትመጣ ነበር።»

ተናደድኩባቸው፤ ምነው በዚህ ሰዓት እንኳ ቢምሯቸው አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ አቶ ማቴዎስ። እርስዎ ቤት የሚያድር ነገር ሰጥቼ እርስዎን አላስጠራሁም፤ ምን እንደሆነ አልነገርኩዎትም። እርስዎ የሚያውቁትን ነው ያቃጠሉት። የኔን ክር የማወቅ ግዴታ የለብዎትም፤ የመንገር ግዴታ ግን ነበረብኝ።»

አቶ ማቴዎስ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ፤ እንባቸው ሙሉ ልብሳቸው ላይ ጠብ ጠብ አለ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

አስቴር ዳነች። ተመስገን፣ ሺህ ጊዜ ተመስገን! አንገቷ ላይ ጠባሳ ቀረ፣ ድምፅዋም ትንሽ ሻክሯል። «ተማሪዎቼ ግን ከበፊቱ ይልቅ አሁን ይሰሙኛል» ትላለች።

ክሩን ግን ተውነው። ዶክተር ሉቃስ በማግስቱ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ያንን ቢጫውን፣ ገዝተው መጡ። የልብስ ሰፊ ሜትር የሚፈራ ሃይማኖት እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በሽተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ «ቤታችሁ አዛዡ ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ያንን ሰው ወይ አስመጥተን ወይ ደውለን ምክሩን የምንነግረው ለእሱ ነው። የሚመጣው መልስ ያስቀኝ ነበር። «አማቴ ናት» የሚል አለ፤ «ታላቅ እህቴ፣ ግን እንዳትነግሪያት» የሚል አለ። ደረቱ በሪባን የተሞላ አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሚስቴ» ብሎኛል።

አስቴር ሥራ ከጀመረች በኋላ አንድ ቀን አቶ ማቴዎስ ክሊኒክ መጡ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው መጥቼ፣ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እንድናገር ይፈልጋሉ።

«እኔ? ከነማተቤ?» አልኳቸው።

«ከነማተብዎ» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ሄድኩ። ነጠላዬን ለብሼ፣ ከመድረኩ በታች ቆሜ፣ እንደ ፈተና ተማሪ ላብ በላብ ሆንኩ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አቶ ማቴዎስ በሲዳምኛ ይተረጉማሉ። የኔ ሲዳምኛ «አፍህን ክፈት፣ ያምምሃል ወይ፣ ዋጠው» ከሚለው አያልፍም። ስለ ቀዝቃዛው ውኃ ተናገርኩ፣ ተረጎሙ። ስለ ምራቁ ተናገርኩ፣ ተረጎሙ። ሰዉ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዱም «ብርድ!» እያለ ያጉረመርማል። ከዚያ «እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከጨመረ ሳትደብቁ ኑ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩ።

ያቺን አጭር ቃል አቶ ማቴዎስ ሲተረጉሙ ረዘመባቸው። ቀጠሉ፣ ቀጠሉ፣ ድምፃቸው ወረደ። አንዲት አሮጊት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምን እንዳጠፋሁ ጨነቀኝ። ፊት ለፊት፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ አድርጋ የተቀመጠችው አስቴር ጋ ጎንበስ ብዬ «ምን እያሉ ነው?» አልኳት።

አስቴር ዓይኗን ከአባቷ ላይ አላነሣችም።

«መድኃኒቷን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ እያለ ነው» አለችኝ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ። «እሳቱ ውስጥ ስጥለው ልጄ እያየችኝ ነበር፣ እያበጠች እንደሆነም ታውቅ ነበር፣ ግን እኔን ፈርታ ደህና ነኝ አለች። እናንተ ግን ልጆቻችሁ አመመኝ ለማለት እንዳይፈሯችሁ አድርጉ እያለ ነው።»

አቶ ማቴዎስ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ይቀጥሉ ሲስተር፤ የት ላይ ነበርን?» አሉኝ።

እኔ ግን የት ላይ እንደነበርን ጠፍቶብኝ ነበር።